ሰባት ቅዳሜ

አብነት፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሱሀይር፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ደረትሽ እንዴት ነው? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ደብዳቤሽን ጠይብ ትናንት ከቡታጅራ ሲመለስ በነጠላ ጥቅሎቹ መካከል ሸጉጦ አምጥቶልኛል። ስልክሽን ከሸጥሽ ወዲህ የሚያገናኘን በየሳምንቱ ወደ ቡታጅራ ገበያ የሚወርደው የእሱ ጭነት ብቻ ነው። እኔ ግን ወረቀቱን አልጠላሁትም። ወረዳው ልጆቻቸው የተወሰዱባቸውን ወላጆች እንድደግፍ በበጎ ፈቃደኝነት ሲመድበኝ በመጀመሪያ የተነገረኝ፣ በቃል የተባለ ነገር ችሎት ፊት እንደማይቆም ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ላስተማረ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ ልጅሽ ሀስና ደህና ናት። ከትናንት በስቲያ የሕፃናት ማቆያው ሄጄ አይቻታለሁ። ክብደቷ አሥራ ሦስት ኪሎ ገብቷል። ማቆያው ልጆቹን በየወሩ ለሐኪም ያሳያል፤ ደረቷ ንጹሕ መሆኑን ካርዱ ላይ በዓይኔ አንብቤአለሁ። ይህን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ሁለተኛ፣ ትጠይቅ እንደሆነ ብለሻል። ትጠይቃለች። «እማዬ ጋቢ ልትሰጥ ሄደች?» አለችኝ። በሩን ቆልፈሽባት የቋጨሽውን ጋቢ ለነጋዴዋ ለሠርኬ ልታስረክቢ የወጣሽበት፣ የጎረቤት ክፍል ተቃጥሎ ሰው በሩን የሰበረበት፣ ወረዳውም ልጅቷን የወሰደበት ያ የኅዳር ቀን ለእሷ ገና አላለቀም። እጄን ይዛ እስከ መውጫው ሸኘችኝ።

ሦስተኛ፣ ቀጠሮው መጋቢት 25 ነው። ችሎቱ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፤ የምትኖሪበት ክፍል፣ የምትሠሪው ሥራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅሽን መጠየቅሽ። ሐኪም ሩቅ መንገድ እንዳትሄጂ ከልክሎሻልና አንቺ መምጣት የለብሽም። ሪፖርቱን እኔ አቀርባለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ሕመምሽ ለማንም አልተናገርኩም። ቃል ሰጥቼሻለሁ።

ክኒኑን አንድ ቀን አታሳልፊ።

ሀብተ ወልድ


ቡታጅራ አጠገብ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017

ለጋሼ ሀብተ ወልድ፣

ጉልበትዎስ? ያንን የማቆያውን ደረጃ አሁንም እያረፉ ነው የሚወጡት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ሳሉ ቀንሶልኛል። ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ፊት ክኒኔን እውጣለሁ። ዋጥኩ ስላት አታምነኝም፤ «አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ» ትላለች። በግ የሚገዛ ሰው እንኳ እንደዚህ አያገላብጥም። ጾሙንም የከለከለችኝ እሷ ናት። ቤቱ በሙሉ ጾሞ አክስቴ ለእኔ ብቻ ቡላ ታገነፋለች። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እበላለሁ።

አሥራ ሦስት ኪሎ ያሉትን ለአክስቴ አነበብኩላት። ከዚያ ብቻዬን ደጋግሜ አነበብኩት። የጥያቄዋን ነገር ግን ለማንም አላነበብኩም።

ጋሼ፣ አሁንም አደራ። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ ቲቢ ይድናል ይላሉ። ሸማ ተራ ግን እንደዚያ አይልም። ጋቢ ሰው ገላው ላይ የሚጥለው ነገር ነው። የምትስል ሴት ቋጨችው ከተባለ ማን ይገዛዋል? እትዬ ሠርኬ ደግ ናት፣ ግን ነጋዴ ናት። ጠዋት የተወራ ነገር ምሳ ሳይደርስ ሸማ ተራን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሰዋል። አከራዬም ከሰማች ዕቃዬን በር ላይ ነው የማገኘው። ሥራም ክፍልም ከሌለኝ ሀስናን ማን ይሰጠኛል? ለእሷ ብዬ ነው የምደብቀው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የቀረሁትም ለእሷ ነው። ያኔ እርስዎ «ይህ ሳል አላማረኝም፣ ተመርመሪ» ሲሉኝ ተመርምሬ ውጤቱን ሰምቼ በዚያው ነው የተሳፈርኩት። ትንፋሼ እንዳይነካት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እዚያ የቅዳሜ መዝገብዎ ላይ ስሜ ፊት ምን ብለው ነው የሚጽፉት?

ሱሀይር


አብነት፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሱሀይር፣

ዒዱ ሳይደርስ ይህ እንዲደርስሽ ጠይብን አስቸኩዬዋለሁ። እንኳን አደረሰሽ።

ለጠየቅሽው ቀጥተኛ መልስ ልስጥሽ። «ቀሪ» ብዬ ነው የምጽፈው። እስካሁን ስድስት ጊዜ ጽፌአለሁ፣ ከነገ ወዲያ ሰባተኛው ይሆናል።

ቅር እንዳይልሽ ምክንያቱን ላስረዳሽ። በትምህርት ቤት የስም መጥሪያ መዝገብ ላይ ያልመጣ ተማሪ ወይ ቀሪ ነው ወይ በፈቃድ ነው። በፈቃድ የሚባለው ወረቀት ሲያያዝ ብቻ ነው። ያለ ወረቀት በፈቃድ ብሎ የጻፈ መምህር ለአንዱ አዝኖ ለሌላው የጨከነ ነው። እኔ ይህን በሥራ ዘመኔ አንድ ጊዜም አላደረግሁትም። ያንቺን ወረቀት ካያያዝኩ ምስጢርሽ ይወጣል። ካላያያዝኩ ደግሞ በፈቃድ ማለት አልችልም።

አትስጊ። ከዚያ በፊት አሥራ ሦስት ቅዳሜ አንድም ሳትቀሪ መጥተሻል። ያም ተጽፏል። ችሎት የሚያየው ጠቅላላውን ነው።

ሀብተ ወልድ


አብነት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሱሀይር፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ አሁን ተሻለኝ።

የእኛ ሰሙነ ሕማማት ገብቷል። ሸማ ተራን ለፋሲካ ነጠላ የሚገዛው ሰው እግር መጣያ አሳጥቶታል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ሠርኬ አየችኝ፤ «ጋሼ፣ ያቺ እጀ ፈጣን የት ጠፋችብኝ? የአሁኗ ቋጪ አንዱን ጋቢ ሦስት ቀን ታቅፋው ትውላለች» አለችኝ። አገሯ ናት አልኳት። ዝናቡም ያለ ወቅቱ ጀምሮ ከአብነት ወደ ታች ያለው መንገድ ጭቃ ሆኗል።

ስለ ቀጠሮው መስማት እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። ቀጠሮው በቀኑ ተካሂዷል፣ ጉዳዩም ታይቷል። ዝርዝሩን ረጋ ብዬ በሌላ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። አንቺ አሁን መብላትና ክኒንሽን መዋጥ ነው ያለብሽ። ሁለተኛው ወር ወሳኝ ነው ይባላል።

አክስትሽን ሰላም በይልኝ።

ሀብተ ወልድ


ቡታጅራ አጠገብ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017

ጋሼ፣

እንኳን ለፋሲካ አደረሰዎ።

ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት አላህ ነው የሚያውቀው። ጀርባውንም አየሁት። ስለ ዝናብ ጽፈዋል፣ ስለ ጭቃ ጽፈዋል፣ እትዬ ሠርኬ ያለችውን ጽፈዋል። ሀስና የሚል ቃል የለበትም።

እርስዎ አንደኛ ሁለተኛ ብለው የሚጽፉ ሰው ነዎት። ጫማዋ ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ ሾርባውን ጨርሳ እንደሆነ ሳይቀር ይነግሩኝ ነበር። ሦስት ቅዳሜ አልፏል፤ ስለሦስቱም ምንም የለም። ታማብኝ ነው? ሞታብኝ ነው? ጠይብን አንቄ ጠየቅሁት። «እኔ ፖስታ አመላላሽ እንጂ ዳኛ አይደለሁም» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ፣ ከዚያ ዓይኑን ሰበረ።

በዚህ ሰሞን ክኒኑን የምውጠው በግድ ነው። እውነቱን ካልጻፉልኝ በሚቀጥለው መኪና እመጣለሁ፣ ሐኪም አገደኝ አልል።

ሱሀይር


አብነት፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሱሀይር፣

ሀስና በሕይወት አለች፣ ጤነኛም ናት። ይህን መጀመሪያ አንብቢና ተቀመጪ።

በመጋቢት 25 በዋለው ችሎት ለአደራ ቤተሰብ እንድትሰጥ ተወስኗል። ሚያዝያ 2 ቀን ወደ አዳማ ተወስዳለች። የተቀበሏት ባልና ሚስት ናቸው። ሚስትየዋ ዙህራ ትባላለች፤ ልጅ የላቸውም፣ ሃይማኖታቸውም ያንቺው ነው። ማቆያው ውስጥ የምትንከባከባት መቅደላዊት እስከ አዳማ ድረስ አብራት ሄዳለች። እኔ አልሄድኩም። ቅዳሜ ለምዶብኝ ማቆያው ደጃፍ ከደረስኩ በኋላ ነው የተመለስኩት።

እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይገባሻል። ዳኛዋ መዝገቤን ገልጠው «አቶ ሀብተ ወልድ፣ ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?» አሉኝ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

«በተከታታይ ሰባት ጊዜ ቀሪ ይላል። እናትየው የት ናት?»

«አገሯ ሄዳለች።»

«ለምን?»

«ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እንድናገር ግን አልተፈቀደልኝም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሕፃኗ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የእኔን ውሳኔ እየጠበቀች ነው። ያልነገሩኝን በምን ልመዝነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ስለ አሥራ ሦስቱ ቅዳሜ ልናገር ስል «እሱንማ አየሁት፤ ሲመጡ ቆይተው የሚጠፉ ወላጆች ብዙ ናቸው» አሉ።

ጥፋቱ የዳኛዋ አይደለም፣ ያንቺም አይደለም። ለሰባት ሳምንት ያህል ጊዜ ነበረኝ። «ሱሀይር፣ ይህ ዝምታ ልጅሽን ያስወስድብሻል፣ ቃሌን መልሺልኝ» ብዬ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃ ነበር። አንቺም ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠይቀሽኝ በሩን ከፍተሽልኝ ነበር። እኔ ስለ መዝገብ አያያዝ አስተማርኩሽ። መዝገቤ ንጹሕ እንዲሆን ስጠነቀቅ መዝገቡ ስለ ማን እንደሆነ ረሳሁ።

ከዚያ በኋላ የደበቅሁሽ ደግሞ ክኒኑን ትተሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። ይህም ፍርሃት ነው እንጂ ምክንያት አይደለም።

ውሳኔው እንዲከለስ ማመልከት ይቻላል። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ የጤና ጣቢያው ወረቀትና ሕመምሽ እንዲገለጽ የፈቀድሽበት ፊርማ። ካልፈቀድሽም አልፈርድብሽም።

ሀብተ ወልድ


ቡታጅራ አጠገብ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017

ለጋሼ ሀብተ ወልድ፣

ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ፈርሜአለሁ። ለዳኛዋም ይንገሩ፣ ከፈለጉ ሸማ ተራ መሐል ቆመው በማይክ ይንገሩ።

ምስጢሬን ይጠብቁልኝ አልኩ እንጂ ልጄን ይስጡልኝ አላልኩም።

ይህን ቀድጄ ሌላ ልጽፍ ነበር፣ ወረቀት አለቀብኝ። ስለዚህ እንደተጻፈ ይድረስዎ።

ሱሀይር


ቡታጅራ አጠገብ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017

ጋሼ፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፈውልኝ አልመለስኩም። አቅም አጥቼ ነው። ያዘንኩብዎ ጊዜም ነበር፤ አሁንም አልፎ አልፎ ይነሳብኛል። ግን ማን አለኝና ነው።

አረፋ አለፈ። እርስዎ ያውቁታል፣ ለአረፋ መርካቶ ተዘግቶ ሰዉ ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። ዘንድሮም መኪናው ልብስና ስኳር ጭኖ መጣ። አምና ሀስናን አዝዬ ነው የወረድኩት። አክስቴ ያሰፋችላትን ቀሚስ ለብሳ ከበጉ ኋላ ስትሮጥ ነው የዋለችው።

ዘንድሮ የመጣው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። ያልሰማው «ልጅሽስ?» ይለኛል። መጀመሪያ የጠየቀችኝን ሴት «ተኝታለች» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሴትየዋም ድምጿን ቀነሰች፣ እንዳትቀሰቅሳት። የሰማው ደግሞ በሽታዬን ፈርቶ ከበር ሰላም ብሎኝ ያልፋል። የእኔ ስኒ ለብቻው ተቀምጧል። ነርሷ ማንንም አታስይዢም ብላኛለች፣ እሱን ግን ለማን ብዬ ላስረዳ?

ማመልከቻው ከምን ደረሰ? ጥሩ ካልሆነም ይጻፉት። ስለ ዝናብ አይጻፉልኝ።

ሱሀይር


አብነት፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሱሀይር፣

እንዳዘዝሽኝ፣ ያለውን ብቻ እጽፋለሁ።

ችሎቱ ትናንት ወስኗል። የመቅረትሽ ምክንያት ሕመም እንጂ ቸልተኝነት አለመሆኑን ተቀብሏል። ዳኛዋ የጤና ጣቢያውን ወረቀት አንብበው ሲጨርሱ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ይህንን በመጋቢት ባየሁት» አሉ።

ይሁን እንጂ ሀስና አሁን አትመለስም። ከአዲሶቹ ሰዎች ጋር ለምዳለች፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከቤት ቤት መንቀል ይጎዳታል ተብሏል። እስከ ጥር እዚያው ትቆያለች። እስከዚያ በወር አንድ ጊዜ አዳማ ሄደሽ ትጠይቂያታለሽ። የመጀመሪያው ነሐሴ 10 ነው፤ በዚያን ጊዜ ሕክምናሽን ጨርሰሻል። ጥር ላይ ክፍልሽና ሥራሽ ታይቶ ይወሰናል።

ክፍልሽ ተከራይቷል። አከራይሽ ዕቃሽን ልታወጣ ስትል ደርሼ ወደ ቤቴ አስገብቼዋለሁ። ሠርኬንም አነጋገርኳት። «እኔ ልቤ አልጨከነም፣ ጋሼ፤ ገዢው ነው የሚሸሸው። ድና ትምጣና ወረቀቷን እኔው እያሳየሁ እሸጥላታለሁ» ብላለች። ማመን አለማመኑን ለአንቺ እተዋለሁ።

የመጨረሻው ይህ ነው። ወረዳው ሌላ ደጋፊ እንዲመድብልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ብትጠይቂ ትክክል ነሽ። እኔ ወደ አዳማ ልከተልሽ አልችልም፤ ጉልበቴ መኪና ላይ ያን ያህል አያስቀምጠኝም። ከተመለስሽ በኋላ ግን አራት ነገር ጻፊልኝ፤ ጤናዋን፣ አበላሏን፣ ሰዎቹን፣ አንቺን እንዴት እንደተቀበለችሽ። ለጥር ያስፈልገናል።

ሀብተ ወልድ


ቡታጅራ አጠገብ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2017

ለጋሼ ሀብተ ወልድ፣

ሌላ ሰው አልፈልግም። ሌላ ሰው ሲመጣ ከኅዳር ጀምሮ እንደ አዲስ ልነግረው ነው፣ ያንን ሁለተኛ መናገር አልችልም። ይህን መጀመሪያ ብዬዋለሁ።

እንደ ልማድዎ በተራ ልጻፍ።

ጤናዋ ደህና ነው። ቁመት ጨምራለች። የፊት ጸጉሯ አድጎ ሁለት ቦታ ተጎንጉኗል፣ እኔ አንድ ቦታ ነበር የማስረው።

ትበላለች። እኔ ጋ እንቁላል ትጠላ ነበር፣ እዚያ ትበላለች።

ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። መጥፎ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ይህን ለችሎት አይጻፉት። ዙህራ በር ላይ ጠብቃኝ አቀፈችኝ። እኔ ወደ ኋላ ስል «ድነሻል አይደል? ምን ያስፈራሻል!» አለችኝ። ባልየው ሰላም ብሎኝ እንድንጫወት ብሎ ወጣ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፣ የሀስና ልብስ በራሱ ሳጥን ተጣጥፎ ተቀምጧል።

አራተኛው ያሉት።

ስገባ ሀስና ከዙህራ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። «ነይ፣ እናትሽ መጥታለች» አለቻት። አንድ ዓይኗን ብቻ አውጥታ አየችኝና «እማዬ፣ ማናት?» አለች። ዙህራን ነው እማዬ ያለቻት። ዙህራ ፊቷ ተለዋወጠ፤ «ወላሂ እኔ አላስተማርኳትም፣ ራሷ ነው የጀመረችው» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ልጅ አንድን ሰው እማዬ ማለት አለበት አይደል፣ ጋሼ? እኔ በሌለሁበት ማንን ትበል?

አላለቀስኩም። እንዳትደነግጥ ብዬ ሳልነካት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የያዝኩላትን ብስኩት አጠገቤ አስቀመጥኩ። መጥታ ወሰደችና ሄደች። እንደገና መጣች። ሦስተኛ ስትመጣ ጉልበቴን ተደግፋ ቆመች፣ እየበላች። ጸጉሯ ሌላ ቅባት ነው የሚሸተው። ጊዜው ሲያልቅ ዙህራ በምልክት ልትነግረኝ ሞከረች፣ ያላየሁ መሰልኩ።

ከዚያ «እንግዳ ሳይጠጣ አይሄድም፣ ነይ ውሃ ስጫት» አለቻት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግማሹን ልብሷ ላይ እያፈሰሰች፣ ምላሷን አውጥታ በጥንቃቄ መጣች። ፊቴ ቆማ «እትዬ» አለችኝ።

ዙህራ ወደ ጓዳ ገባች። እኔን ልጄ ስትጠራኝ ከሰማሁ ስድስት ወር አልፎኝ ነበር።

«ወዬ» አልኳት።

ሱሀይር